የበርገሩ ዳኛ

አባዬን ጋራዥ ውስጥ «ዳኛው» ነው የሚሉት። ሥራው መኪና መቀባት ነው። የተጋጨ በር ይመጣለታል፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ከዚያ ቀለሙን ደባልቆ ይረጫል። ሲጨርስ የመኪናው ባለቤት ራሱ የተጋጨው የትኛው በር እንደነበር ይጠፋዋል። ዳኛው ያሉት ግን በዚህ አይደለም። ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ዕቃውን ሲከፍት እሱ ከየሰዉ አንዳንድ ማንኪያ ይቀምስና «ምንም ቢሆን የእኔን ሚስት አያክልም» ብሎ ይፈርዳል። ይግባኝ የለም።

እማዬ የሰው ዳቦ ቤት ለቅቃ የራሷን በርገር ቤት የከፈተችው ይህንኑ ፍርድ አምና ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሊጥ ስታቦካ ነው የኖረችው። «ዳቦውን እኔው ጋግሬ ሥጋው ምን ያቅተኛል?» አለች፤ አባዬም «ምን ያቅትሻል!» አለ፤ በቃ፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የጋዝ ምድጃ ተገኘ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ ምናሌውን በነፃ አተምኩላት፤ የኔ መዋጮ ይኸው ነው።

ዳቦዋስ እውነትም ዳቦ ነበር። ችግሩ የነበረው ከዳቦው መሀል ነው። ሰው ይገባል፣ ያዛል፣ ሁለቴ ይገምጣል፣ መንጋጋውን ይዳብሳል፣ ከዚያ ዳቦውን ጥርግ አድርጎ ሥጋውን ሳህኑ ላይ ትቶ ይወጣል። እማዬ የተመለሱትን ሳህኖች እያየች ትቆዝማለች።

«ሰው ዳቦ በልቶ ሥጋ ሲተው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች።

«እማዬ፣ ሥጋው ጠንክሯል።»

«አባትሽ አልጠነከረም ብሏል። ካንቺና ካባትሽ ማን ይሻላል? አንቺ ሽንኩርት እየለቀምሽ ስትጥዪ ያደግሽ ልጅ።»

እሷ ራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ስለዚህ ስለ ሥጋ የምታውቀው አባዬ የነገራትን ብቻ ነው። አሠራሯ ደግሞ የዳቦ ነው፦ የተፈጨውን ሥጋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ በሁለት እጇ እየደቆሰች እየገለበጠች ታቦካዋለች። ሊጥ ሲቦካ ይለሰልሳል። ሥጋ ሲቦካ ምን እንደሚሆን ደንበኞቻችን በጥርሳቸው ያውቁታል።

የቀድሞ አሠሪዋ፣ የዳቦ ቤቷ ባለቤት፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታሽን ለማንም አልሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን አትውቀሽኝ» ብላ ላከችባት። ደግ አስባ ነው። እማዬ ግን ያን ቀን እራቷን አልበላችም። «ተመልሼ ከሄድኩ» አለች ቆይታ፣ «እጄ ከሊጥ በስተቀር ለምንም አይሆንም ማለት ነው።» ስትናገር ወደ እጇ ነበር የምታየው። አንጀቴን በላችኝ።

በማግስቱ ለአባዬ ሥራ ሰጠችው። ቅዳሜ ከሰዓት እየዞረ፣ ሰው የሚሰለፍባቸውን በርገር ቤቶች እየቀመሰ፣ ምን እንደጎደላት እንዲነግራት። እኔን አብሬው ላከችኝ፤ «እሱ ይቀምሳል፣ አንቺ ታስታውሻለሽ» ብላ። መቅመሱንስ እኔ ብቻዬን በቻልኩት፣ ግን ማን ጠይቆኝ።

መጀመሪያ የሄድነው አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ካለች ቤት ነው። መስኮት የላትም፣ ግድግዳዋ በስብ ያበራል፣ አብሳዩ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ከጭሱ ጋር ይጣላል። ሹፌሮችና ረዳቶች ቆመው ነው የሚበሉት። የኔን ገመጥኩ። ጭማቂው በእጄ መዳፍ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ እኔም ዝም ብዬ እጅጌዬን ላስኩ። አላፍርበትም። ቀና ስል አባዬ የቀጠረውን ሰው እንደሚጠብቅ ሆኖ ያላምጣል።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«እንጃ። አንቺ ምኑ ነው የጣመሽ?»

እየፈተነኝ መሰለኝ። «ሥጋው ነዋ» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎኑ ዞሮ ቆሞ የሚበላውን አንድ ሹፌር፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ምኑ ላይ ነው የሚጥመው?» አለው። ሹፌሩ አፉን እንደሞላ አየው። «ቅር ካለህ ለኔ አምጣው» አለው። የሚገርመው፣ አባዬ ሳያመነታ ሰጠው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሆስፒታሉ የኋላ በር አጠገብ፣ ሁለት እህትማማቾች የሚሠሩበት ቤት ገባን። እዚያ ደግሞ የሚገርመው ጸጥታው ነው፤ ከነርስ እስከ አስታማሚ የገባ ሁሉ ወሬውን ያቆማል። ሽንኩርቱን ወርቅ እስኪመስል ጠብሰው ከሥጋው ሥር ነው የሚያደርጉት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በላሁ። አባዬ የበላተኛውን ፊት አንድ በአንድ ሲመረምር ቆየና፣ «ሰዎቹ ምን ሆነው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እየጣማቸው ነዋ!»

«ይሄ? ይሄ እኮ አፍ ውስጥ ይጠፋል። ስፖንጅ ነው።» ትንሽ አሰበና፣ «ያኛውም ስፖንጅ፣ ይሄኛውም ስፖንጅ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጣል?» አለ።

ግራ ገባኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጣዕም ያውቃል ሲባል የሰማሁት ሰው ነው፤ እሱ ትክክል ከሆነ የኔ ምላስ፣ የሹፌሮቹ ምላስ፣ የነርሶቹ ምላስ ሁሉ ተሳስቷል ማለት ነው። መንገዱን ሙሉ ምላሴን ከጥርሴ ጋር እያሻሸሁ ሄድኩ፤ ምን ላገኝ እንደሆነ እንጃ።

ቤት ስንደርስ ፍርዱን ሰጠ። «የሰው ሥጋ ልፍስፍስ ነው። ያንቺ ይበልጣል።»

እማዬ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ግራ ተጋባች። «ታዲያ ለምን ይተዉታል?»

«እሱስ ለኔም አልገባኝም» አለ፤ እውነቱን ነበር።

እሷም አስባ አስባ የደረሰችበት መላ፣ የሰው ልፍስፍስ ከሆነ የሷን የበለጠ ማጠንከር ነው። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ማለት ይኼኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥጋውን ላብ እስኪያጠምቃት ድረስ ታቦካው ጀመር። አንድ ጎረቤታችን፣ ጎማ የሚለጥፍ ሰው፣ በሹካ ሊቆርጠው ታግሎ ሲያቅተው ሹካውን አስቀመጠና፣ «እትዬ፣ ይቺን እኔ ጋ ብትልኪያት የምለጥፍባት ጎማ አላጣም» አላት። እሱ እየቀለደ ነው። እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ወጥቼ ጎማ ለጣፊውን ተጣላሁት፤ ምስኪኑ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ይቅርታ ጠየቀኝ።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። እማዬ «ዛሬም ምን እንደጎደለኝ ካላወቃችሁ ሰኞ ዳቦ ቤቱ እገባለሁ» ብላ ሸኘችን። የሄድነው መኪና አጠባው ጥግ ካለው ቤት ነው፤ ባለቤቱ መነጽራቸው በእንፋሎት የተሸፈነ ሽማግሌ ናቸው። አስተናጋጇ ጠረጴዛችንን ወልውላ፣ በርገሩን አቅርባ ሄደች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቢጫ የሚጨመቅ ጠርሙስ ነበር። አባዬ ሰናፍጭ ነው ብሎ ሥጋው ላይ እያዞረ ጨመቀበትና ገመጠ። አላመጠ። ደገመ።

«ይሄኛው ይሻላል» አለ። «ቢያንስ ያንሸራትታል።»

ቀና ብዬ ሳየው በከንፈሩ ዳር አረፋ ወጥቷል። ጠርሙሱን አንስቼ አሸተትኩት። የሎሚ ሽታ ያለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው፤ ልጅቷ ባለቀ የሰናፍጭ ጠርሙስ ሞልታ፣ ስትወለውል ረስታው ሄዳለች። በርገሩን ከእጁ ነጠቅኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«አባዬ፣ ሳሙና እኮ ነው!»

ሳቀ። ከዚያ የኔን ፊት አይቶ ሳቁን ተወ። ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ በረጅሙ ሳበ። እንደገና ሳበ። ከዚያ ጠርሙሱን ወደኔ ዘርግቶ፣ «ይሸታል?» አለኝ፣ እንደ ሕፃን። ሽማግሌው ባለቤት ውሃ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ አስተናጋጇ ይቅርታ በሉኝ እያለች ልታለቅስ ደረሰች። አባዬ አፉን ሲጉመጠመጥ አረፋው እየባሰ ሄደ። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አልሳቅኩም፣ ፈራሁ።

ወጥተን መኪና አጠባው አጥር ጋ ቆምን። አፉን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር» አለ።

«እንዴት?»

«ሰው ‹ይጣፍጣል› ሲል፣ ‹እንደምን አደርክ› እንደማለት ነው ብዬ ነው የማስበው። የሚባል ነገር። እኔም እል ነበር።»

«መቼ ነው የጠፋብህ?»

«እኔ ምን አውቄ። ቀለም ስረጭ ማስኩ መነጽሬን በእንፋሎት ይሸፍንብኛል፤ ቀለሙን ለማየት አወልቀዋለሁ። የቲነሩ ሽታ በፊት ራሴን ያዞረኝ ነበር። በኋላ ተወኝ። ለመድኩት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ለናትሽ እንዳትነግሪያት። እኔን አምና ነው የከፈተችው። እጇን ትጠላዋለች።»

«ካልነገርናትስ? ሰኞ እኮ ዳቦ ቤት ልትገባ ነው!»

እኔም ብቆጣው ይሁን ባቅፈው አልገባኝም። ሁለቱንም በየተራ አደረግኩ።

በርገር ቤቷ ጓዳ ስንገባ እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ሥጋ እየደቆሰች ነበር። ቀና ሳትል፣ «እህ፣ የዛሬውስ?» አለች። እኔ አፌን ልከፍት ስል አባዬ ቀደመኝ።

«የዛሬው ሳሙና ነበር» አለ። «አጣጥሜ በላሁት።»

እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ አለመሳቄን አየችና እጇ ቆመ። እሱ ሁሉንም ነገራት፣ ምንም ሳያስቀር።

«ታዲያ ያ ሁሉ ‹እጅሽ ይባረክ› ምን ነበር?» አለችው።

«የሌላው ምግብ ከልማድ ነው፤ አሁን አልዋሽሽም። የበርገሩ ግን የእውነቴን ነው።»

«ሳይጣፍጥህ?»

«የሰዎቹ አፌ ውስጥ ይጠፋብኛል። ያንቺ ይታገለኛል። አንድ ነገር መብላቴን የማውቀው ያንቺን ስበላ ነው።»

እማዬ የተደቆሰውን ሥጋ አየችው። «እንግዲህ ለአንድ ሰው ሳበስል ሰፈሩን ሁሉ ሳስቸግር ከርሜያለሁ ማለት ነው» አለች። ተናዳ ይሁን ስቃ አላወቅኩም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ነይ አንቺ፣ የሽንኩርት ጠላት። ምን ላድርግ?»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንዳይቆጨኝ ሳልሽኮረመም ተናገርኩ። «አታቡኪው። ሰብሰብ አድርጊውና እጅሽን አንሺለት።» ከአዲሱ ሥጋ ዘግና፣ ገና እንደተወለደ ጫጩት በፍርሃት ይዛ፣ ጠፍጠፍ አድርጋ ምድጃው ላይ ጣለችው። በራሷ ዳቦ መሀል አድርጋ ሰጠችኝ። ጭማቂው እጅጌዬ ውስጥ ወረደ። እስክጨርስ በላሁ። እሷ ፊቴን ስታይ ቆይታ፣ «ለዳቦ ቤቷ ባለቤት ደውዪላት፤ ሰኞ አትመጣም፣ እግዜር ይስጥሽ ብላለች በያት» አለችኝ።

አባዬም ከዚያው ቀመሰ። አላመጠ፣ ዋጠ፣ አንገቱን ነቀነቀ። «ጠፋብኝ» አለ በሐዘን።

እማዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ቀረብ ብላ ቆመችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔስ? እኔን ታሸተኛለህ?» አለችው።

ልወጣ ብዬ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። አባዬ ሊዋሽ እንዳሰበ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ግን የዛሬው ሳሙና ሳያስፈራው አልቀረም።

«አላሸትሽም» አለ። «ድሮ ከሥራ ስትመጪ ዳቦ ዳቦ ትሸቺ ነበር። እኔ አፍንጫ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ለኔ ዛሬም ዳቦ ዳቦ ነሽ።»

እማዬ ክንዷን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ሽንኩርትና የተቃጠለ ስብ ነው፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ እንኳ ይሸተኛል።

«እንግዲያው ሐኪም ዘንድ እንዳትሄድ» አለችው፣ ከተረፈውም ሥጋ አንድ ጭብጥ አንስታ ለሱ ታቦካለት ጀመር።