በረሃን የሚያውቁት ጋሽ ታደለ

ባለቤቴ በዕረፍታችን ናሚቢያ ያለውን የበረሃ ብሔራዊ ፓርክ እንይ ስትል፣ ምክር ልጠይቅ ያሰብኩት ጋሽ ታደለን ነበር። በወጣትነታቸው ከአገር ተሰደው ሱዳን የገቡት በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ነዋ! ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ወደ ሰፈራችን ወደ ሃግሴትራ በሚወስደው የከተማ ባቡር ውስጥ የፓርኩን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን ብንይዝ ይሻላል?»

ስልኩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጣቢያ በጣቢያ ላይ አለፈ፤ እሳቸው ግን ከፎቶው ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የዳነ ቁስል ነካሁባቸው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ባላነሳው ይሻል ነበር።»

«ኧረ የለም ልጄ። እኛ እኮ እንዳንያዝ የምንጓዘው በጨለማ ነበር። ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተከናንበን እንተኛለን።» ስልኩን መለሱልኝ። «ትኬት ስትቆርጡ ለእኔም ጨምሩልኝ። በረሃን አንዴ እንኳ በብርሃን ልየው።»