በረንዳ የበላው የእግር መንገድ

በየቀኑ በምትመላለሱበት መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይገፋችሁ፣ ድንገት አስፋልት ላይ ወጥታችሁ ራሳችሁን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላችሁ የከባድ መኪና ጥሩምባ ሲጮህ ደንግጣችሁ «እኔ እዚህ ምን ልሠራ ወጣሁ?» ብላችሁስ ታውቃላችሁ? እኔ ቆቦ ውስጥ ይህ በየጠዋቱ ይደርስብኝ ነበር፤ ጥያቄውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ዓይን ያለው ሰው እንቅፋትን ዞሮ ያልፋል፤ ዞሮ ያለፈውን ደግሞ ወዲያው ይረሳል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቆቦ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በክረምት ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ታችኛው ሜዳ የሚሄደው በእኛ በኩል ነው። ገበሬው ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል፤ ማሽላው የሚያፈራው በእሱ ነው። ከተሜው ግን ይፈራዋል። ስለዚህ አዲስ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወለሉን ከጎረቤቱ ወለል ከፍ ማድረግን ነው። ጎረቤቱ አንድ ስንዝር ከፍ ካደረገ እሱ ሁለት ያደርጋል፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ይሂድ ነው ነገሩ። ሦስተኛው ሲመጣ ሦስት ስንዝር ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ አልፈርድም። ሸቀጡን ጎርፍ እንዲወስድበት የሚፈልግ ነጋዴ የለም። የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከፍ ያለ ወለል ደረጃ ይፈልጋል። ደረጃው ከግድግዳው ወደ ውስጥ ቢሠራ የአንድ ጠረጴዛ ቦታ ይወስድበታል። ስለዚህ ባለቤቱ ደረጃውን ወደ ውጭ፣ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ላይ ያወጣዋል። ደረጃውን በረንዳ ይከተላል፤ በረንዳው ሴራሚክ ይለብሳል፤ ሴራሚኩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፤ ጫፉ ላይ አበባ የተተከለበት የተቆረጠ በርሜል ይቆማል። የሕዝብ የነበረው መንገድ እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰው ሳሎን ይሆናል።

ይህን ሁሉ እንዳይ ያደረገኝ ዓይነ ስውር ባልደረባዬ ነው። እሱ የዜግነት ትምህርት ያስተምራል፣ እኔ ሒሳብ። በዕድሜ በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፣ በቀልድ ግን በብዙ። እኔ ቆቦ ከመመደቤ በፊት ጀምሮ፣ ወደ ሮቢት መውጫ ካለው ሰፈሩ እስከ ትምህርት ቤታችን፣ ነጭ በትሩን ይዞ ብቻውን ይመጣል። መንገዱን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ በግራ በኩል፤ ከዚያ የብየዳ ቤቱ ሽታ፤ ከዚያ ተከታትለው የቆሙት የኒም ዛፎች፣ ጥላቸው ፊቱ ላይ ሲያርፍ ግማሽ መንገድ መምጣቱን ያውቃል፤ በመጨረሻ የውሃ መውረጃው ቱቦ፣ በትሩ ሲነካው እንደ ባዶ ገንቦ የሚጮኸው።

«ደብዳቤዬን ሰው ያነብልኛል፤ የተማሪ ወረቀትም ሰው እያነበበልኝ ነው የማርመው» ይል ነበር። «መንገዴን ግን ማንም አይሄድልኝም።»

ግንባታው የመጣው በኒሞቹ በኩል ነው። ዛፎቹ ተቆረጡና መስታወት የለበሰ ባለ አንድ ፎቅ የልብስ መደብር ቆመ። ከጎኑ ምግብ ቤት፣ ከእሱ ጎን ደግሞ ሌላ ምግብ ቤት ተከተለ። ሦስቱም በየራሳቸው ከፍታ ወደ ውጭ ወጡ። አንድ ሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ፣ መዳፉ ተልጦ መጣ። ከሦስቱ መሃል ካለው ምግብ ቤት በረንዳ ወድቆ፣ ሲነሳ አቅጣጫው ጠፍቶበት አስፋልት ላይ ገብቶ ነበር፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው ጎትቶ ያወጣው። ክፍል ገብቶ እንደ ወትሮው አስተማረ። በእረፍት ሰዓት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተሰቦቹ ወዳሉበት አገር ዝውውር ሊጠይቅ እያሰበ መሆኑን ነገረኝ። እዚያ እህቱ እጁን ይዛ ትወስደዋለች፣ ትመልሰዋለች። መመራት ካልቀረ እዚህ መቆየቱ ምን ይጠቅመኛል አለ። የዝውውር ቅጹንም ከቢሮ ወስዶ ነበር።

ይህን ስሰማ መቀመጥ አልቻልኩም። እሱን ሳላማክር ከሥራ በኋላ ወደ ምግብ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ማኪያቶ አስመጣልኝ። የስንዝሩን፣ የጎርፉን፣ የበርሜሉን ነገር በሥርዓት አስረዳሁት። የባልደረባዬን መውደቅ ስነግረው ከልቡ አዘነ። ወዲያው ዘበኛውን፣ ፂማቸው የነጣ አዛውንት፣ ጠራቸውና ከነገ ጀምሮ መምህሩ ሲመጡ እጃቸውን ይዘው እስከ ቱቦው ድረስ እንዲያደርሷቸው አዘዘ። አዛውንቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አብሽር፣ እኔ አለሁ» አሉኝ። ማኪያቶዬን ጨርሼ፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ባለቤቱ ከበረንዳው አንዲት ሴራሚክ እንዳላነሳ ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

በማግስቱ ዘበኛው ባልደረባዬን ክንዱን ጨብጠው በወንበሮቹ መሃል አሳለፉት። ቁርስ የሚበላው ሰው ሁሉ ዘበኛውንና ባለቤቱን መረቀ፤ አንዱ እግዜር ይስጥልን አለ፣ ሌላው ጀዛከላህ። ከጥግ ያለ አንድ ቀልደኛ ደግሞ መምህር ዛሬ ሚዜ ያዙ እንዴ ብሎ ጠረጴዛውን ሁሉ አሳቀ። ባልደረባዬ መምህራን ማረፊያ ሲገባ ፊቱ እንደ ክረምት ደመና ጠቁሮ ነበር።

«ማን ላከህ?» አለኝ።

«ማንም። ሰውየው እኮ ጥሩ ሰው ነው፤ ዘበኛውን…»

«እኔ መንገድ አጣሁ አልኩህ እንጂ መሪ አጣሁ አልኩህ? በአንድ ማኪያቶ ሸጥከኝ።»

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ ና አለኝ። የትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህርትም አብራን መጣች። የልብስ መደብሩ አጠገብ ስንደርስ ባልደረባዬ በራሱ ሻርፕ ዓይኔን አሰረና በትሩን አስያዘኝ። መምህርቷ በአስፋልቱ በኩል ቆመች። እውነቱን ልናገር፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ለባለቤቱ ላስረዳ ስሄድ የየበረንዳውን ከፍታ ለክቼ በደብተሬ ላይ ሥዕል ሠርቼ ስለነበር መንገዱን የማውቀው መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ወጣሁ። ሴራሚኩ ያንሸራትታል፤ በትሩ የትም ሲነካው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ምንም አይናገርም። ሁለተኛውን ስወጣ ጉልበቴ ወንበር መታ። አንድ ሰው ቀስ በል አለኝ፣ ወዴት ቀስ እንደምል ግን አልነገረኝም። በርሜሉን በእጄ ዳስሼ በቀኝ ልዞረው ስል እግሬ ሥር ወለሉ ጠፋ። ከዚያ በጫማዬ ሶል በኩል ሙቀት ተሰማኝ። አስፋልት ነበር። ሚኒባስ ጥሩምባውን እየነፋ መጣና መምህርቷ በሸሚዜ ይዛ ጎተተችኝ።

«የሒሳብ አስተማሪው ሦስት ደረጃ መቁጠር አቃተው» አለች፣ ሸሚዜን ሳትለቅ።

ሻርፑን ሳወልቅ ሽማግሌው ዘበኛ በረንዳው ላይ ቆመው እርስዎንም ልያዝዎት እንዴ እያሉ ይስቁ ነበር። ባልደረባዬ አልሳቀም። እኔም ንዴቴ የዚያን ቀን ተለወጠ። እስከዚያ ለእሱ ነበር የምናደደው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለራሴም ጭምር ሆነ።

መጀመሪያ ከተማ አስተዳደር ሄድን። ያነጋገረን ባለሙያ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፕላን እየጠቆመ፣ የእግረኛ መንገዱ በአረንጓዴ መስመር ተከብሮ እንዳለ አሳየኝ። ባልደረባዬ እንግዲያው ከነገ ጀምሮ በፕላኑ ላይ እሄዳለሁ አለው። ባለሙያው ሳቀ፣ አስተያየታችንን መዘገበ፣ እስከ በሩ ሸኘን። በዚያው ሳምንት እዚያው በረንዳ ላይ ምሳ ሲበላ አየሁት። ወንበሩ የተቀመጠው በአረንጓዴው መስመር ላይ ነበር።

ቀጥለን ወደ ባለቤቱ ሄድን። በዚህ ጊዜ እኔ ዝም አልኩ፤ የተናገረው ባለጉዳዩ ነው። ባለቤቱን ቅር አለው። ይህች ከተማ ምን እንዳሳለፈች እናንተም ታውቃላችሁ አለ፤ ሰው ያለውን ይዞ ሲሸሽ እሱ ገንዘቡን እዚሁ እንዳፈሰሰ፣ ለስንት ወጣት ሥራ እንደከፈተ፣ ይህ ሊያስመሰግነው ሲገባ እንደሚያስወቅሰው ተናገረ። ውሸት አልነበረበትም። ባልደረባዬም አመሰገነው፤ ምግቡ ጥሩ እንደሆነ ሽታው እንደሚመሰክር ነገረው።

«ዘበኛ ሰጠሁዎት እኮ፣ መምህር» አለ ባለቤቱ።

«ዘበኛዎ ሲታመሙስ? የሚቀጥለው ቤትም ዘበኛ ይስጠኝ? እንዲህ እየተቀባበሉ ጎረቤት ከተማ ዋጃ ድረስ ሊያደርሱኝ ነው?» ባለቤቱ ሳይወድ ፈገግ አለ። ባልደረባዬ ቀጠለ፦ «ወለልዎን የፈለጉትን ያህል ከፍ ያድርጉ። ደረጃው ግን ወደ ውስጥ ይግባ። ከፍታው የእርስዎ ነው፤ ምግብ ሳልበላ እኔ ለምን እወጣዋለሁ?»

ባለቤቱ አስብበታለሁ ብሎ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ግንበኞች መጡ። በረንዳውን በአስፋልቱ በኩል ሁለት ሰው ጎን ለጎን በሚያሳልፍ ስፋት ቆረጡት፣ በርሜሎቹን አነሱ፣ ደረጃውን ከበሩ ወደ ውስጥ አስገቡት። ደስ አለን። ደስታችን ግን እስከ ሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት አብረን ስንመጣ የባልደረባዬ በትር ቋ አለ። በተለቀቀው መንገድ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ከነወንበሩ ተቀምጦበታል።

ገብቼ ልጮህ ስል ባልደረባዬ ክንዴን ያዘኝ። ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ስቦ ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ መጥታ ምን ልታዘዝ አለች።

«ምንም፣ እናቴ። መንገድ እየሄድኩ ነው» አላት። «ጠረጴዛው ሲነሳ እቀጥላለሁ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ውስጥ አየች። ባለቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ የሚያየን መሆኑን አውቃለሁ፤ አልወጣም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊደወል ነበር። አጠገባችን ፉል የሚበላ ሰው ተማሪ ይጠብቃል እኮ መምህር አለ። ባልደረባዬ ትምህርቱ ተጀምሯል ብሎ መለሰለት። ሰው ማንኪያውን አቁሞ ያየን ጀመር።

የተንቀሳቀሱት ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው። ማንንም ሳይጠይቁ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አንዱን ጠረጴዛ በረንዳው ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ወንበሮቹንም አነሱ። የባልደረባዬን እጅ ግን አልያዙም። ፈንጠር ብለው ቆሙና «ተነስቷል፣ መምህር። ይለፉ» አሉ። እሱም ተነስቶ፣ በትሩን ግራና ቀኝ እያደረገ፣ ቱቦው እንደ ባዶ ገንቦ እስኪጮኽ ድረስ ብቻውን ሄደ። በማግስቱ አንድ ጠረጴዛ እንደገና ወጥቶ ነበር፤ ዘበኛው የበትሩን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ አነሱት። ከዚያ ወዲህ አልወጣም።

የዝውውር ቅጹ ሳይሞላ መሳቢያው ውስጥ አለ። አልቀደደውም፤ እኔም ቅደደው አልለውም። ከሦስቱ በረንዳዎች የተቆረጠው አንዱ ብቻ ነው። የልብስ መደብሩ ባለቤት ጎርፍ አለ እያለ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሌላው ይቅደም ይላል። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ሌላ አዲስ ምግብ ቤት ደረጃውን ወደ ውጭ ሊሠራ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የጣውላ ሣጥን መትቷል። ለምረቃው ሪባን የሚቆርጡ ሰዎች በዚያ ደረጃ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ስለ ከተማዋ ዕድገትም ይናገራሉ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከእናንተ ከተማ አዲስ ከተሠሩት ምግብ ቤቶች በጣም የምትወዱትን ምረጡ። በጠራራ ፀሐይ፣ የሚያይ ሰው በአስፋልቱ በኩል አቁማችሁ፣ ዓይናችሁን በሻርፕ እሰሩና በበትር ብቻ አልፋችሁት እስከሚቀጥለው ቤት ሂዱ። ማንም እጃችሁን እንዳይዝ አስጠንቅቁ። ከዚያ ሻርፑን ፈታችሁ ግቡና፣ ምሳ ከማዘዛችሁ በፊት፣ ያገኛችሁትን ለባለቤቱ ንገሩት። ነገ ዛሬ ሳትሉ፣ በዚህ ሳምንት ሞክሩት።