የአባቴ ላንድሮቨርና የቀይ አፈሩ መንገድ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ተቀምጬ የዓሣ ሾርባዬን ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ማህሌት ከአውስትራሊያ አጭር ቪዲዮ ልካልኛለች። እዚያ የምትማረው ብቻዋን ነው። ለእረፍቷ ግን የልጅነት ጓደኛዬ ሳሙኤል ከነቤተሰቡ ወደ በረሃው ሲወጣ ይዟት ሄዷል። ከመኪናቸው ኋላ ቤት ይጎትታሉ። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፤ ሲመሽ የቆሙበት ቦታ ሰፈራቸው ይሆናል። ካራቫን ይሉታል።

በቪዲዮው ላይ ያንን ተጎታች ቤት ፈትተው ዛፍ ሥር አቁመውታል፤ መኪናው ብቻውን ሜዳ ላይ ወጥቷል። መሪው ላይ ያለችው ማህሌት ናት። ሳሚ ከጎኗ ተቀምጦ "ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ" ይላታል። ስንት ዓመት ሰው አገር ኖሮ ፍሪሲዮንን አልረሳትም። መኪናውንም ማርሽ ያለው ካልሆነ አልነዳም ብሎ ፈልጎ የገዛው ነው። ከመስታወቱ ወዲያ መሬቱ ቀይ ነው፤ አለቅጥ ቀይ።

ሾርባዬ መጣ፤ ማንኪያውን እንኳ አላነሳሁም። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ልጄ መንዳት እየተማረች ነው፤ ያለችውም ከወንድም በማይተናነስ ሰው እጅ ነው። እኔ ግን እርር ድብን አልኩ። አንደኛ፣ ልጄን ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የቆየ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀይ አፈር አለበት፣ ሳሚም አለበት።

ያኔ አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበር። ከጎንደር በዝውውር መጥቶ ሐዋሳ የቀረ፣ ጾሙን የማይሽር፣ ዝምተኛ ሰው። አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። ሰው ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቶ ገዛት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥሯ እየተኛ ነፍስ ዘራባት። መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ካቻቪቴ ሲል ካቻቪቴ፣ ፒንሳ ሲል ፒንሳ። ትምህርት ቤት ስሄድ እጄ ግሪስ ግሪስ ይሸት ነበር። ግቢ ቆማ ሳለች መሪዋ ላይ ወጥቼ፣ የሞተሩን ድምፅ በአፌ እያወጣሁ ማርሽ ስቀያይር እውላለሁ። ስታስል ምኗን እንዳመማት አውቅ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ አንድ ቀን "ና፣ መሪውን ያዝ" እንዲለኝ።

የሳሚ አባት ጋሽ ዳንጊሶ እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ነበራቸው። የሲዳማ ሰው ናቸው፤ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ወሬ ይወዳሉ። ከአባቴ ጋር በምን እንደተግባቡ እንጃ፤ ብቻ እሳቸው ሲያወሩ እሱ ሲያዳምጥ ይመሽላቸዋል። አንድ ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሁለቱ ቤተሰብ በሁለት መኪና ቦረና ድረስ እንዲጓዝ ተወሰነ። አባቴ ከብረት ቁርጥራጭ በያይዶ ተጎታች ሠራ። ሸራ አለበሰው፤ ፍራሽ፣ የላምባ ምድጃና የውሃ ጀሪካን ጫነበት። የሰፈር ልጆች የሬሳ ጋሪ እያሉ ሳቁብን፤ እኔ ግን የበየደውን ብረት ይዤለት ስለነበር ኩራቴ አይጣል ነበር።

የምንነሳ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ያካፋል። እናቶቹና ትንንሾቹ ከኋላ ገቡ። እኔ የላንድሮቨሯን የጋቢና በር ከፍቼ አንድ እግሬን አስገብቻለሁ፤ አባቴ ውረድ፣ እዚህ የሚቀመጠው ሳሚ ነው አለኝ። ጋሽ ዳንጊሶም ልጃቸውን ከፒካፓቸው አስወርደው እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ልማዱን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከራስ ልጅ የሰው ልጅ ይቀድማል። ሥጋው ለሰው ልጅ፣ አዲሱ ብርድ ልብስ ለሰው ልጅ። የራስ ልጅ የትም አይሄድም፣ ይጠብቃል። ሁለቱ አባቶች ደግሞ በዚህ ነገር ፉክክር ይዘው ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። እኛ ጿሚዎች ነን፤ እናቴ ለመንገዱ ስትል ሰዓቱን ብቻ ነው የተወችልን። የሳሚ እናት እትዬ ማርታ ቆጮና ቋንጣ ሰንቀዋል፤ እኛን አክብረው ቋንጣውን ዞር ብለው ነበር የሚያበሉት። ዲላ ስንደርስ ጋሽ ዳንጊሶ አቆሙና አናናስ ገዙ። በኪሳቸው ቢላ ልጠው፣ ዓይን ዓይኑን እየነቀሉ፣ "አንተ ጿሚ ነህ፣ ብላ የኔ ልጅ" እያሉ ከእጃቸው ወደ እጄ። ሙሉውን ለእኔ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወርዶ ቀሪውን መንገድ ሸሚዜ ተጣብቆብኝ ነበር።

ይርጋ ጨፌን አለፍን፣ ሐገረ ማርያምን አለፍን። ጋሽ ዳንጊሶ ስለ እንሰት፣ ስለ ጉርምስናቸው፣ በሬ ሊሸጡ ሄደው እንዴት ራሳቸው ሌላ በሬ ገዝተው እንደተመለሱ አወሩልኝ። አቤት፣ እሺ እላለሁ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ዓይኔ የተተከለው ከፊታችን በምትሄደው ላንድሮቨር የኋላ መስታወት ላይ ነው። ከተጎታቹ ሸራ በላይ የአባቴ እጅ ሲወናጨፍ ይታየኛል። እያወራ ነው። አባቴ! ከእኔ ጋር ሻሸመኔ ድረስ ሄዶ ቢናገር "መስኮቱን ዝጋው" ብቻ የሚል ሰው።

በማግስቱ ያቤሎን አለፍ ብለን ሜዳ ላይ ቆምን። ዝናቡ ሐዋሳ ቀርቷል፤ እዚያ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ፣ አፈሩ እንደተፈጨ በርበሬ ደረቅና ቀይ ነው። ኩይሳዎቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ራቅ ብለው ግመሎች የግራር ቅጠል ይቀነጥባሉ። እናቶቹ ምድጃ ሲለኩሱ አባቴ ተጎታቹን ከላንድሮቨሯ ፈታው። ሰፊ ሜዳ፣ ባዶ መኪና፣ አባቴ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሄጄ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

"ሳሚ" አለ አባቴ፣ "ና፣ መሪውን ያዝ።"

የኔን ቃል፣ ስንት ዘመን የጠበቅኋትን ቃል ወስዶ ለሌላ ሰጠብኝ። ሳሚ ስለ መኪና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቀቀው፣ ላንድሮቨሯ እንደ ፍየል ዘላ ሞተሯ ጠፋ። አባቴ ሳቀ፤ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ መፍቻ ተሳስቼ ሳቀብል "ዓይንህ የት ነው?" የሚለው ሰው። ከዚያ እጁን በሳሚ እጅ ላይ አደረገና ማርሹን አብረው ገፉት፤ አንደኛ፣ ቀጥሎ ሁለተኛ። አቧራውን እያስነሱ በኩይሳዎቹ መሃል ሄዱ። ደሜ ፈላ። ሳሚን ጠላሁት። አባቴን ጠላሁት። እንዴት ለማያውቃት እጅ እሺ ትላለች ብዬ ላንድሮቨሯን ሳይቀር ጠላኋት።

ተመልሰው ሲወርዱ እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

"አባዬ፣ እኔስ?"

"አንተ የቤት ልጅ ነህ፤ ትደርስበታለህ" አለኝ። ራሴን ዳሰስ አደረገና ተጎታቹን ሊገጥም ሄደ።

በመልሱ መንገድ ለሳሚ አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም። እሱም አላናገረኝም፤ የጥጋብ ነው ብዬ ያዝኩበት። ሐዋሳ ገብተን ትንሽ ቆይቶ ታረቅን፣ ልጆች አይደለን። ስለዚያ ሜዳ ግን አንስተን አናውቅም።

አልደረስኩበትም። ላንድሮቨሯ በዓመቱ ሞተሯ ተሰነጠቀና ተሸጠች፤ ሌላ መኪና ቤታችን አልገባም። አባቴም ብዙ ሳይቆይ ታመመ፣ አረፈ። መንዳት የተማርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጮህብኝ ከሚውል አስተማሪ ነው። ማርሽ ሲያስቸግረኝ እጁን በእጄ ላይ አላደረገም። ምን ቆርጦት ያደርጋል?

እናም ያን ቅዳሜ፣ ሾርባው ፊቴ እየቀዘቀዘ፣ ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። የዓሣ ቆሻሻ የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ስለሚረብሹኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ለካ መጀመሪያ ያላዳመጥኩት ነገር አለ። የሚቀርጸው ሰው ከኋላ ወንበር ነው፤ የሳሚ ሚስት ናት። ከጎኗ አንድ የጎረምሳ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ አባባ የኔ ተራስ መቼ ነው፣ ሲል ይሰማል። የሳሚ ልጅ ናቲ ነው፤ ገና ጢም እያቀመቀመ ያለ። ሳሚ ዞር እንኳ ሳይል በአማርኛ መለሰለት።

"አንተ የቤት ልጅ ነህ፤ ትደርስበታለህ።"

ካሜራው ወደ ልጁ ዞረ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል፣ ከንፈሩን ነክሷል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ።

ወዲያው ደወልኩ። ሳሚ እየሳቀ አነሳ፤ የማህሌትን ጉብዝና ሊነግረኝ ጀመረ። አላስጨረስኩትም።

"ሳሚ፣ መሪውን ለልጅህ ስጠው።"

"ናቲ? እሱ ምን ቸገረው፣ ይደርስበታል።"

"እኔ አልደረስኩበትም" አልኩት።

ሳቁ ከድምፁ ጠፋ።

"እኔ ያን ቀን መሪ መች አማረኝ፣ ኤልያስ። ዲላ ላይ አባቴ አናናስ ልጦ ሲያበላህ ከላንድሮቨሯ ሆኜ አይህ ነበር። ለእኔ አንድ ቀን ልጦልኝ አያውቅም። 'ቢላው እዚያ አለልህ' ነበር የሚለኝ።"

የዚያን አናናስ ጣዕም ላስታውስ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ሙሉ አናናስ በልቼ ትዝ የሚለኝ የሸሚዜ መጣበቅ ብቻ ነው። ጋሽ ዳንጊሶም አሁን የሉም፣ ጣፍጦኝ ነበር እንዳልላቸው።

ሾርባዬን አሙቀውልኝ ጠጥቼ ልነሳ ስል ሌላ ቪዲዮ ደረሰኝ። ከሥሩ ማህሌት፣ ተራዬን ያስቀማኸኝ አንተ ነህ አሉ፣ ብላ ጽፋለች። ስትመጪ እኔ ራሴ ጉዱማሌ ሜዳ ወስጄ አስተምርሻለሁ ብዬ መለስኩላት፤ ደግሞም አደርገዋለሁ።

ከዚያ ከፈትኩት። መሪው ላይ ናቲ ነው። መኪናው እንደ ፍየል ዘሎ ሞተሩ ጠፋ። ሳሚ ከት ብሎ ሳቀና እጁን በልጁ እጅ ላይ አደረገ፤ ማርሹን አብረው ገፉት፤ ቀዩ አቧራ ተነሳ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ግን ይሄን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ፣ ልጅ አሳድጌ ልጅ አስተምሬ፣ በዚያ ጎረምሳ ቀናሁበት።