የጋራው ግድግዳ

ደላላው የ«ይሸጣል» ሰሌዳውን በጎረቤቷ በግሌኒስ ሣር ላይ ሲተክል ኖሊን መጋረጃዋ ጀርባ ቆማ ታይ ነበር። ሰሌዳው ከእሷ ቁመት ይበልጣል። የግሌኒስ ሳሎን ፎቶ ተለጥፎበታል፤ ፎቶው ላይ ያለው ሳሎን ደግሞ ከእውነተኛው እጥፍ ይሰፋል። «ይህን የሚያህል ሳሎን መቼ ነበራት?» አለች ኖሊን ለራሷ። ሻይዋ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሲኖሩ፣ ግሌኒስ ቤቷን ልትሸጥ ማሰቧን ትንፍሽ አላለችላትም።

ነገሩ ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት ናቸው። ከአውስትራሊያዋ አደሌይድ ከተማ በስተሰሜን ያለው የማርሎ ዳውንስ ሰፈር ሲቆረቆር፣ መንግሥት ለመኪና ፋብሪካው ሠራተኞች ብሎ እያንዳንዱን ቤት መሐል ለመሐል በጡብ እየከፈለ ለሁለት ቤተሰብ አከራየው። የግራው ለኖሊንና ለባሏ ለኬልቪን፣ የቀኙ ለግሌኒስና ለባሏ ለሮስ ደረሰ። በአንድ ሳምንት ገቡ። ባሎቹ በአንድ ፈረቃ ይሠራሉ፤ ሚስቶቹ በአጥር ላይ ስኳርና ወሬ ይለዋወጣሉ። ያኔ ማንም ከማንም አይበልጥም ነበር፤ ኖሊን ያንን ጊዜ የምትወደውም ለዚሁ ነው።

ጣጣው የመጣው መንግሥት ተከራዮቹን «ከፈለጋችሁ ግዙት» ያለ ጊዜ ነው። ሮስና ግሌኒስ ከባንክ ተበድረው ገዙ። ኬልቪን ግን ከት ብሎ ሳቀ። ይህን ሰፈር ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ጭንቅላቱን ይመርመር አለና ባጠራቀሙት ገንዘብ ጀልባ ገዛ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ከዋለችበት ይልቅ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችበት ጊዜ ይበልጣል። መጨረሻ ላይ የሰፈር ድመት ወለደችባት።

ከዚያ ወዲህ ኖሊን ሆድ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠው ነገር ስሙ ቅናት ነው፤ እሷ ግን «ጨጓራዬ» ትለዋለች። ግሌኒስ መስኮት ባስቀየረች ቁጥር ጨጓራዋ ይነሳል። ግሌኒስ በደጇ ጽጌረዳ ስትተክል ጨጓራዋ ይነሳል። ግሌኒስ የራሷን ግማሽ ክሬም ቀለም ስታስቀባማ ቀቢው ልክ መሐሉ ላይ ሲደርስ ብሩሹን አነሳ፤ የጣሪያውን ክዳንም እንዲሁ እስከ መሐሉ አድሶ ወረደ። ቤቱ ግማሽ ፊቷን ተኳኩላ ግማሹን የረሳች ሙሽራ መሰለ። የሰፈሩ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይስቃል፤ የተረሳው ግማሽ ደግሞ የኖሊን ነው።

ሮስ ሌላ ሴት አግኝቶ የጠፋ ጊዜ ኖሊን ኬክ ጋግራ ሄዳ ከግሌኒስ ጋር አልቅሳለች። ለቅሶዋ የእውነት ነበር። ቤቷ ተመልሳ ዕቃ ስታጥብ ያፏጨችውም የእውነት ነው። ባንኩ ቤቱን ይነጥቃታል፣ እንደ እኔው ተከራይ ትሆናለች፣ እንደ ድሮው እንሆናለን ብላ ነበር። ግሌኒስ ግን ከሰኞ እስከ አርብ የአረጋውያን መኖሪያ እያጸዳች፣ ቅዳሜና እሑድ ዳቦ ቤት እየሸጠች ብድሩን ጥርግ አድርጋ ከፈለች። የመጨረሻውን ክፍያ የፈጸመች ዕለት ኖሊንን ዓሣና ድንች ጥብስ ጋበዘቻት። ኖሊን ዓሣው ጨው በዛበት አለች።

ከዚያ ኬልቪን ሞተ፣ ፋብሪካው ተዘጋ። ፋብሪካውን ብለው ከእንግሊዝ የመጡት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች አርጅተው አለቁና በየቤታቸው አፍጋኖች፣ ኮንጎዎች፣ ከቡታን የተሰደዱ ኔፓሎች ገቡ። ከእነሱ ኋላ ደግሞ ማርሎ ዳውንስን ረግጠውት የማያውቁ የሲድኒ ሰዎች ቤቱን በስልክ ይገዙት ጀመር። በዜና ስሙ ሲነሳ ከሥራ አጥና ከመኪና ሌባ ጋር ብቻ የነበረው ሰፈር ድንገት ዋጋ አወጣ። ለሁሉም ሰው አወጣ፤ ለተከራይ ብቻ ኪራይ ጨመረ።

ሰሌዳው በተተከለ ማግስት ግሌኒስ አጥሩ ጋ መጣች።

«ልነግርሽ ስል ደላላው ቀደመኝ» አለች። «ሐሙስ ነው የምተክለው ብሎኝ ነበር።»

«ምን ቸገረሽ፣ ሰሌዳው ነገረኝ። ያለ መነጽርም ይነበባል።»

ግሌኒስ ፈገግ አለች። ዋላሩ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ልትሄድ ነው፤ ልጇ በቅርቧ ትንሽ ቤት አግኝታላታለች፤ ከበረንዳው ባሕሩ ይታያል። ኖሊን ለአፏ ያህል «ደስ ይላል» አለች።

«አንቺም ትመጫለሽ። አልጋ አለኝ» አለች ግሌኒስ።

«ባሕር አይስማማኝም፤ ያጥወለውለኛል።»

ኖሊን ባሕር እንደምትወድ ግሌኒስ አሳምራ ታውቃለች። አጥሩን መታ መታ አደረገችና ገባች።

ኖሊን ይህን ሽያጭ የምትፈራበት ሌላም ምክንያት ነበራት። መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ የጋራውን ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል የሰነጠቀ ስንጥቅ አለ። የማርሎ ዳውንስ አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅም ቤቱን ይዞ ነው። በጋ ላይ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ኬልቪን በሕይወት ሳለ ቁም ሳጥኑን ገፍቶ ሸፈነውና «እኛ ምንም አላየንም» አለ። ከመንገዱ ማዶ የነበረችው ቬልማ ግድግዳዬ ተሰነጠቀ ብላ አመልክታ፣ እስኪጠገን ተብላ ሌላ ሰፈር እንደተወሰደች በዚያው ቀርታለች። ቤቷ ፈርሶ በቦታው ሌሎች ቤቶች ተሠሩ። ገዢ ግድግዳውን አስመርምሮ ስንጥቁ ከታወቀ የእሷም ዕጣ ይኸው እንደሆነ ኖሊን ታውቃለች። ስለዚህ የቤቶች መሥሪያ ቤቱ ሰው ለጥገና በመጣ ቁጥር ቁም ሳጥኑን ተደግፋ ትቆማለች፤ ያላት ነገር ይህ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም የእሷ አይደለም።

ቤቱ ለገዢዎች በተከፈተበት ቅዳሜ ኖሊን ደህና ጫማዋን አድርጋ እንደ ማንኛውም ገዢ ገባች። በዚያ ሰፈር የሚሸጥ ቤት ገብቶ ማየት የቅዳሜ መዝናኛ ስለሆነ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ግሌኒስ ደላላው እንዳዘዛት ውጭ ውላለች። ኖሊን ከኩሽናው አልፋ ወደ ጓዳ ከገባች ስንት ዓመቷ። ሁሉ ነገር የራሷ ቤት ነው፤ ግን ተገልብጦ። የእሷ የተበላ ምንጣፍ ባለበት እዚህ የሚያብረቀርቅ እንጨት ተነጥፏል። የእሷ ዝገት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ባለበት እዚህ የእጅ መታጠቢያው ነጭ ጥርስ መስሏል። መኝታ ቤት ስትደርስ የጋራውን ግድግዳ ከዚያኛው ፊቱ አየችው። ለስላሳ ነው። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም። «ስንጥቁም መርጦ ወደኔ ዞረ» አለች በሆዷ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ፤ ዴቪካና ቢሬን የሚባሉ ኔፓሎች። ዴቪካ ነፍሰ ጡር ናት። በስንዝር ግድግዳውን እየለካች የሕፃን አልጋ የት እንደሚቆም ለባሏ ታሳየዋለች። ቢሬን ደላላውን ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠየቀው። ደላላው ጃሮድ ኖሊን ማን እንደሆነች ስላላወቀ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

«አንዲት አሮጊት ናት፣ የመንግሥት ተከራይ። አታስቡ፣ እንዲህ ያሉት ከሰፈሩ እየወጡ ነው። ጥቂት ዓመት ጠብቁ፤ መንገዱ ላይ ባለቤት ብቻ ነው የሚቀረው። የቤታችሁን ዋጋ ያኔ ታዩታላችሁ።»

ኖሊን ስትገባ ክፋት አስባ አልነበረም። «እንዲህ ያሉት» የሚለው ቃል ነው ያንገበገባት፤ ያውም ግሌኒስ ቤት ውስጥ፣ ግሌኒስ ወለል ላይ ቆማ። ባልና ሚስቱ ሲወጡ ደጅ ጠበቀቻቸው። አሮጊቷ ጎረቤት እኔ ነኝ፣ የግድግዳውን ሌላ ፊት ሳታዩ እንዳትገዙ አለቻቸው። ወደ ቤቷ አስገባቻቸውና ቢሬንን ቁም ሳጥኑን እንዲገፋላት ጠየቀችው። በጋው መጨረሻ ላይ ስለነበር ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። ዴቪካ ጣቷን አስገባችና ቶሎ መለሰችው። ኖሊን የጠበቀችው በግሌኒስ ቤት እንዲደነግጡ ነበር። ዴቪካ ግን ዞራ የኖሊንን አልጋ አየች።

«አክስቴ፣ እርስዎ የሚተኙት እዚህ ነው?»

«ታዲያ የት ልተኛ?»

«ቢወድቅብዎትስ? ይሄ እኮ ለሚመለከተው ክፍል መነገር አለበት።»

«ለማንም አትናገሩም» አለች ኖሊን።

ዴቪካ ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አሮጊት እንዲህ ካለ ግድግዳ ሥር ተኝታ አይታ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ሰኞ ማለዳ ለቤቶች መሥሪያ ቤቱ ደወለች፤ ክፋት የሌለበት፣ ንጹሕ ደግነት ነበር። ቢሬንም ለጃሮድ ቤቱን እንደተዉት ነገረው። በዚያው ሳምንት መሐንዲስ መጥቶ ግድግዳውን በሁለቱም በኩል አየ። ኖሊን ይህን ጊዜ ቁም ሳጥኑን አልተደገፈችም፤ ምን ዋጋ አለው።

ቢሆንም የግሌኒስ ቤት ደጁ ላይ ለጨረታ በቀረበበት ቀን ደስ ብሏት ወጣች። እኔ ከጠፋሁ እሷም ትክሰር ብላ ነው፤ ይህን ለራሷ አልሸሸገችም። ጎረቤቱ ሁሉ እግረኛው መንገድ ላይ ተሰብስቧል፤ ልጆች በብስክሌት፣ አዋቂዎች ቋሊማ በዳቦ ይዘው። ኖሊን ክንዷን አጣጥፋ አጥሯ ሥር ቆመች። ጃሮድ ስለ ግድግዳው የመሐንዲስ ሪፖርት እንዳለና ማንም ሊያየው እንደሚችል ተናገረ። ኖሊን ሰው ሲሸሽ ለማየት ዞር ዞር አለች። የሸሸ የለም። ጭቃ የለበሰ ቦቲ የተጫማ አንድ ግንበኛ «ግድግዳውን ምን ልሠራበት፣ የምገዛው መሬቱን ነው» ሲል ሰዉ ሳቀ። ከሲድኒ በስልክ ከገባ ሌላ ገዢ ጋር እየተናነቁ ዋጋውን ሰቀሉት። ከስድስት መቶ ሺህ ዶላር ሲያልፍ የሲድኒው ሰው ለቀቀ። ጃሮድ ለግንበኛው ሲያጸድቅለት ጎረቤቱ አጨበጨበ፤ ኖሊንም እጇ እያቃጠላት አጨበጨበች።

ብዙም ሳይቆይ ከቤቶች መሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት መጣች። ትሑት ሴት ናት፤ ጫማዋን እንኳ ደጅ ላይ ጠርጋ ነው የገባችው። ግድግዳው ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ክረምት ሳይገባ ቤቱን መልቀቅ እንዳለባት፣ ባለ አንድ መኝታ ክፍል እንደተገኘላት፣ ትንሽ ራቅ እንደሚል ነገረቻት። ኖሊን ሲጠገን መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ሴትየዋ ጎን ያለውን የገዛው ግንበኛ ይህንንም ግማሽ ለመግዛት ማመልከቱን ነገረቻትና ዓይኗን ሰበረች።

ግሌኒስ የምትሄድበት ቀን ዕቃዋ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ልትሰናበት መጣች። ኖሊን ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከት ነበር። ግሌኒስ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቁም ሳጥኑን ለምን አስገፋሽው?» አለች። አልተቆጣችም፤ የምር ልታውቅ ፈልጋ ነው።

«የቱን ቁም ሳጥን?»

«ተይ እንጂ ኖል። ግድግዳው የኔም እኮ ነው። ስንጥቁ በኔ በኩልም አለ። በጋው ባለቀ ቁጥር ስቱኮ እሞላበታለሁ፣ ቀለም እደርብበታለሁ። ኬልቪን ከሞተ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።»

«ቤትሽ እንዲያምርልሽ ነዋ።»

«እንዲያምርልኝ ቢሆን መሐንዲስ አልጠራም ነበር? መሐንዲስ ከመጣ ያንቺንም ማየቱ አይቀርም። እንደ ቬልማ ይወስዱሻል ብዬ ነው። ልጄ ነይ ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ፤ ዛሬ ነገ ስል የኖርኩት ለዚሁ ነው። ዘንድሮ እግሬ እምቢ አለኝ። ለጃሮድም ነግሬው ነበር፣ የሚኖርበት ቤተሰብ ከመጣ በትንሽ ዋጋ ስጥ፣ ጨረታውም ይቅር ብዬ። እነዚያ ልጆች ቢገዙት አንቺ የትም አትሄጂም ነበር።»

ኖሊን ሳህኑን አስቀመጠች። «እና ልጆቹን ልታታልያቸው ነበር? ከነሕፃናቸው?»

«አዎ» አለች ግሌኒስ። «ላንቺ ብዬ፣ አዎ።»

ኖሊን አፈረች፤ ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። ከሐፍረቱ ሥር ግን ያው ቅናት ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ግሌኒስ ቤቱን ገዛች፣ ብድሩን ከፈለች፣ ገንዘቡንም ባሕሩንም ወሰደች። ለኖሊን የቀራት የራሷ ነገር ቢኖር እኔ የተበደልኩ ነኝ ማለት ነበር። አሁን ያም አልቀረላትም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ደጓም ግሌኒስ ሆና ኖራለች።

ግሌኒስ ተነስታ ልታቅፋት እጆቿን ዘረጋች።

«ሂጂ» አለች ኖሊን፣ ሌላ ሳህን አንስታ። «መኪናው እየጠበቀሽ ነው።»

ግሌኒስ እጆቿን እንደዘረጋች ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ወርደው ጎኗ ላይ ዋሉ።