ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደብረ ማርቆስ

በሶ ቋጥሬ፣ የወንድሜን ደብዳቤ በብብቴ ሸሽጌ ወጣሁ። ወንድሜን ውበቱን ጣሊያኖቹ ለጉልበት ሥራ ምጽዋ ከወሰዱት ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ አሁን መርከብ ላይ ይሠራል። ደብዳቤ ሁሉ እየተከፈተ ስለሚነበብ የጻፈው ሰላምታ ብቻ ነው። ከሥሩ ግን አንድ ባንዲራ ስሏል፤ ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ። "መርከባችን የሚናገረው እንዲህ ነው" ይላል፤ ሌላ የለም።

እናቴ አይታው፣ "ነጩ በር ነው፤ ሊመጣ ነው" አለችና ግቢውን ስትጠርግ ሰነበተች። እኔ ግን ፈራሁ። በመርከብ ኢየሩሳሌም ደርሰው የተመለሱ መነኩሴ ዲማ አሉ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እሳቸው ይፍቱልኝ ብዬ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ አምበር

ገበያው ደርቷል። ጤፍ፣ ጌሾ፣ በርበሬ፣ የደከሙ አህዮች። ኬላው ላይ ጣሊያኑ ወታደር ደብዳቤውን ዘርግቶ "ባንዲራ!" ብሎ ጮኸ። ቃሉ የእነሱ ነው፤ እኛም ለምደነው ኖሮ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ።

"ሸማኔ ነኝ፤ የጥለት ንድፍ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሳለፈኝ። እንዲህ ያለ ጥለት ብሠራ ማን ይለብስልኝ ነበር!

ረቡዕ፣ ዲማ

መነኩሴው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ወረቀቱን ካይናቸው አስጠግተው ቆዩ።

"በእኛ ሰንደቅ ዘንጉ ነው፣ ልጄ፤ ጨርቁ ዓላማ ነው። ዓላማ ማለት ምልክት። ይህችን ከምጽዋ ስንነሳ አይቻታለሁ።"

"ምን ትላለች፣ አባቴ?"

"መርከቡ ሊሄድ ነው፤ ከየብስ ያላችሁ ቶሎ ግቡ።"

"እና ውበቱ አይመጣም?"

"እሱማ ሊሄድ ነው። ወዴት እንደሆነ ጨርቁ አይናገርም።"

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ብብቴ መለስኩት። አጠገቤ እያፏጨ ክር ሲያጠነጥን የነበረው ወንድሜ፣ ያ ሲያሰለቸኝ የነበረው ፉጨቱ፣ እዚያው ናፈቀኝ።

ዓርብ፣ ቤት

መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ መጣሁ። እናቴ ከተጠረገው ደጃፍ ቆማለች። ሳያት ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

"እማዬ፣ መርከቡ ሊሄድ ነው፤ የቀራችሁ ቶሎ ግቡ ነው የሚለው።"

ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ ባንዲራውን በጣቷ ነካች።

"እንግዲያ ይህንኑ ሥራልኝና ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ስቀለው" አለች። "እኔም መሄጃዬ ደርሷል። ልጄ ቶሎ ይግባ።"

አምበር ላይ የዋሸሁት እውነት ሆነ። ሰማያዊውን ክር አጠንጥኜ ሽመናዬ ላይ ተቀመጥኩ።