ትክክል ሲሆን እጅ፣ ስህተት ሲሆን ኤክስ

ሰበታ ውስጥ ከእንግሊዝኛ አስተማሪው ከእውነቱ የበለጠ ፖለቲካ የሚፈራ ሰው ካለ፣ ገና አልተወለደም። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ዜና ማንበብ ሲጀምር፣ ሰፈሩ ሳይደርስ "ወራጅ አለ!" ብሎ የቀረውን መንገድ በእግሩ የሚጨርስ ሰው ነው። እናቱ እውነቱ ያለችው ምን አይታ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ልጇ ግን ከስሙ ጋር ሳይተዋወቅ ጎለመሰ። "ስኳር ተወደደ አይደል?" ሲሉት እንኳ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ "እንግዲህ..." ብሎ ያልፋል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በ2008 ዓ.ም. ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ክፉ መንግሥት የተጻፈ ልብ ወለድ እንዲያስተምር የተፈረደበት። ወዶ አይደለም። ከአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት በካርቶን የታሸጉ መጻሕፍት መጡ፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሴ ገልጠው ሳያዩ "በዚህ አስተምር" አሉት፤ አለቀ። መጽሐፉ መጠየቅ ክልክል ስለሆነባት ከተማ ያወራል። እዚያ የጥያቄ ምልክት ከየማተሚያ ቤቱ ተለቅሞ ተቀብሯል። ከተማዋ ደግሞ በየዓመቱ ትሰፋለች፤ በሰፋች ቁጥር በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች "እናመሰግናለን" እያሉ መሬታቸውን ይለቃሉ።

እውነቱ ሲያነበው ላብ አጠመቀው። ክፍል ገብቶ ገና ጠመኔ ሳያነሳ "ይህ ታሪክ የሆነው በጣም ሩቅ አገር ነው፤ እኛን አይመለከትም" አለ።

ከድሩ የሚባል የባለ ሱቅ ልጅ ከኋላ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ከዓለም ገና ያልፋል?" አለው።

ዓለም ገና ከሰበታ ጥግ ናት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዴት አይስቁ! የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ሊውጥ ነው ተብሎ አገሩ የሚታመሰው በዚያው ሰሞን ነው። ወጣቱ በየመንገዱ ይወጣል፣ ይታፈሳል፣ አንዳንዱም አይመለስም። እውነቱ ግን መጽሐፉን ከፍቶ "ገጽ አንድ" አለ።

አሁን ስለ እውነቱ ዘዴ ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ሰባ ምናምን ተማሪ በታጨቀበት ክፍል አንድ በአንድ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ያነባል። ትክክል ነው የሚል እጁን ያወጣል። ስህተት ነው የሚል ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ ያጣምራል፤ የፈተና ወረቀት ላይ እንደሚደረገው ኤክስ መሆኑ ነው። በዚህ ዘዴው ሆለታ በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተጨብጭቦለታል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ክንድን ከራስ በላይ ማጣመር የተቃዋሚው ሁሉ ምልክት ሆኖ አረፈው! ያላወቀ አልነበረም፣ ከእውነቱ በቀር። እሱ ዜና አይሰማም፤ ሰልፍ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

በመጀመሪያው ሳምንት "ገበሬዎቹ በደስታ ለቀቁ" ብሎ በእንግሊዝኛ አነበበ። ክፍሉ በሙሉ ክንዱን አጣምሮ ብድግ አለ፤ ዴስኩ ተደበደበ። "ጎበዞች!" አለ እውነቱ፣ ልቡ ቅቤ ጠጥቶ። ከዚያ ወዲያ የሚቀር ተማሪ ጠፋ፤ እንዲያውም ከሌላ ክፍል እየተሹለከለኩ ይገቡ ጀመር። "ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች" ቢል ኤክስ። "ውሃ ያረጥባል" ቢል ኤክስ። እውቀታቸው ቢያሳዝነውም ፍቅራቸው አስደሰተው።

"እኔ እኮ ተማሪ በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲያብድ አይቼ አላውቅም" አላት ለሚስቱ ለተስፋነሽ።

ተስፋነሽ ጉርሻዋን አቁማ አየችው። "አንተ ሰውዬ፣ የምርህን ነው?"

"ምኑን?"

"ተወው፣ ብላ" አለችው።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ ለመጽሐፉ የምትመልስ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ደጊቱ። ትክክል ሲሆን እጇን ታወጣለች፣ ስህተት ሲሆን ታጣምራለች። የገበሬው የኦቦ ሞቱማ ልጅ ናት። የአባቷን አጥር ቀያሾች መጥተው ቀይ ኤክስ ቀብተውበታል፤ መሬቱ ሲሄድ ለቤተሰቡ የምትቀረው የእሷ ብሔራዊ ፈተና ናት። ጓደኞቿ ሲያሾፉባት "ጥያቄው እኮ የእንግሊዝኛ ነው" ትላቸዋለች።

አንድ ቀን እውነቱ "የከተማዋ ፕላን ለሁሉም ይጠቅማል" ብሎ አነበበ። ክንዶች ሁሉ ተጣመሩ። በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተና የከተማው ጸጥታ ኃላፊ ገባ። የሰባው ተማሪ ክንድ ባንዴ ዴስክ ሥር ተደበቀ። ዓይኗን ከመጽሐፉ ያልነቀለችው ደጊቱ ብቻ አጣምራ ቀረች። የመጽሐፉ መልስ "ስህተት" ነዋ!

ኃላፊው እየጎተተ አቶ ሙሴ ቢሮ አስገባት። አባቷ ተጠርተው መጡ፤ እውነቱም ተጠራ። ኃላፊው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ "ይቺ ልጅ ቀስቃሽ ናት። ትታሰራለች፤ ፈተና የሚባል ነገር ትርሳው" አለ።

"ቲቸር ናቸው ያስተማሩን" አለች ደጊቱ። "ስህተት ሲሆን እንዲህ አድርጉ ብለውን ነው።"

ኦቦ ሞቱማ የእውነቱን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ማሎ፣ ባርሲሳ! እባክዎ መምህር! ልጄን አንቱ ያውቋታል። አንድ ቃል ይናገሩላት።"

አንድ ቃል። ለእውነቱ ሁሉ ነገር የበራለት ያን ጊዜ ነው፤ ዴስክ ድብደባው፣ ጭብጨባው፣ የተስፋነሽ አስተያየት። ወይ ጉድ! ወሩን ሙሉ ሰልፍ ሲመራ ከርሟል ለካ!

"መምህር" አለ ኃላፊው፣ "ምልክቱን ያስተማርካት አንተ ነህ ትላለች፤ እውነት ነው ሐሰት?"

እውነቱ ልጅቷን አላያትም። አባቷንም አላያቸውም። ነፍሱን ሊያተርፍ አፉን ከፈተና "ፎልስ!" አለ። ካደ። ክንዶቹ ግን ስንት ዓመት የለመዱትን አልረሱም፤ ከራሱ በላይ ሄደው ጥርቅም ብለው ተጣመሩ።

አቶ ሙሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኃላፊው ከወንበሩ ተፈናጥሮ "በፊቴ?!" ብሎ ጮኸ።

ምልክቱ የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። ደጊቱ ተለቀቀች፣ እውነቱ ታሰረ። ማስተር ፕላኑ ቀረ ከተባለ በኋላ ፂሙን አንዠርጎ ሲወጣ፣ ሰበታ በትከሻዋ ተሸከመችው። ወሬው ቡራዩ ሲደርስ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሱሉልታ ሲደርስ ጠረጴዛውን ሰብሮታል፤ ጫንጮ ላይማ ኃላፊውን በጥፊ አጩሎታል። "እውነት ነው ወይ ቲቸር?" ሲሉት "እንግዲህ..." ብሎ ያልፋል።

ክፍል በተመለሰበት ቀን የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈተ። እዚያም አንድ አስተማሪ አለ፤ ተማሪው ሲያዝ የማያውቀው መስሎ በመስኮት ውጭ ውጭውን የሚያይ።

"አስተማሪው ደፋር ነበር" ብሎ በእንግሊዝኛ አነበበ።

መጽሐፉን ማን አየው! ክፍሉ በሙሉ በፉጨት እጁን አወጣ፤ ሁለት እጁን ያወጣም ነበር። ደጊቱ ብቻ ክንዶቿን ከራሷ በላይ አጣመረች። የምታየው መጽሐፉን ሳይሆን እሱን ነበር።

"ኧረ ውለታ ቢስ!" ብሎ ከድሩ ጮኸባት። "ላንቺ ብለው አይደል የታሰሩት?"

እውነቱ ፊቱ በሐፍረት ጋለ። እንደ ልማዱ "እንግዲህ..." ብሎ ጀመረና ተወው። በሩን አየ፣ ማንም የለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ሊጠራ ፈለገ።

"ተዋት" አለ በአማርኛ። "ደጊቱ ብቻ ናት ያገኘችው። አስተማሪው ደፋር አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ካድኳት እኮ።"

ከድሩ ቆመና "አይ ቲቸር! ደግሞ ትሕትናቸው!" አለ፤ ሰባውም ተማሪ ጣሪያው እስኪነቃነቅ አጨበጨበለት።