ሞተሩ ሲፈታ ቱቦው ይቆማል ወይ?

ከመንግሥት ለውጡ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር፣ የጋሼ ሸምሱ ብየዳ ቤት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ቀኔን በር ስበይድ እውላለሁ ብዬ ነበር። ረፋድ ላይ ግን ከጋሼ ሸምሱ ጋር የአንድ ደንበኛ ቤት ሰገነት ላይ ወጣሁ።

የጠሩን አቶ ዳምጠው ጡረታ የወጡ የመርከብ ሬዲዮ ሠራተኛ ናቸው። ፈቃድ አውጥተው በአማተር ሬዲዮ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ያወራሉ። አንቴናቸው የብረት ማማ ውስጥ በቆመ ረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ነው፤ ቱቦውን ከግርጌው ያለ ትንሽ ሞተር ያዞረዋል። ማማው አናት ላይ ያለ ቀለበት ቱቦው እንዳይጋደም ይይዘዋል እንጂ አይሸከመውም። ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው ሞተሩ ላይ ነበር።

"ከትናንት ጀምሮ ያቃስታል" አሉ አቶ ዳምጠው።

ጋሼ ሸምሱ የሞተሩን ቀፎ ዳሰሱ። ተሰንጥቋል። "አንዴም እንዳያዞሩት" አሏቸው።

ሞተሩ ቢፈረከስ ቱቦው የሚወድቀው አጠገባችን ባለው የእትዬ ሮማን ቆርቆሮ ቤት ላይ ነው። ወርጄ ለጊዜው እንዲወጡ ለመንኳቸው።

"ልጄ አራስ ናት። አራስ ፀሐይ ላይ አውጪ ትለኛለህ?"

"እትዬ፣ ከወደቀ እኮ..."

"እንዳይወድቅ አድርጉታ" ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ተናደድኩ።

ስመለስ ጋሼ ሸምሱ ከጋራዥ ሁለት የመኪና ማንሻ ክሪክ አስመጥተዋል። ቱቦውን ከሞተሩ በላይ በብረት ማሰሪያ ጨምድደን ክሪኮቹን ግራና ቀኝ ከማሰሪያው ሥር አስገባን።

"ቢስሚላሂ በልና ከእኔ እኩል አንሳ። አንዳችን ከቀደመ ይጋደማል።"

ታች ሕፃኑ አለቀሰ። ከዚያ ቀን በፊት ብረት ፈርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ፈራሁ። ቱቦው የጣት ውፍረት ያህል ተነሳ። ሞተሩን ስንፈታው እጄ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

ጋሼ ሸምሱ የጭነት መኪና ጎማ የሚዞርበት ዓይነት ኩሽኔታ የተገጠመበት ወፍራም ብረት ከቱቦው ሥር አጥልቀው ማማው ላይ በየዱት። ቱቦው ኩሽኔታው ላይ እንዲያርፍ ከበላዩ በብረት አንገትጌ አጠበቅነው። ከዚያ ክሪኮቹን ቀስ እያልን አወረድን። ቱቦው ያለ ሞተር ቆመ፤ ጋሼ ሸምሱ በአንድ እጃቸው አዞሩት።

አቶ ዳምጠው ሌላ ሞተር ይዘው መጡ። "ይሄኛው ጠንካራ ነው፤ ይችለዋል።"

"አይሸከመውም" አሉ ጋሼ ሸምሱ። "ያዙረው ብቻ።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማማ ላይ ወጥቻለሁ። ኩሽኔታ ይሸከማል፤ ሞተር ያዞራል። ሞተሩ ሲፈታ ቱቦው ካልቆመ ሥራው አላለቀም። ታች ያሉት ሰዎች መውጣት የማይችሉ ሊሆኑ ይችላሉ።